ምዕራፍ ሰባት፦ ሁለት መስኮት፣ አንድ ርቀት

ባለፈው ምዕራፍ ሌንስ ሁሉንም ነገር እኩል አጥርቶ ማሳየት እንደማይችል አይተናል። ሁለት ሜትር ላይ የቆመን ሰው ጥርት አድርጎ ለማንሣት ሌንሱ ከፊልሙ በተወሰነ መጠን መራቅ አለበት፤ አሥር ሜትር ላይ ላለው ደግሞ ትንሽ ወደ ፊልሙ መጠጋት አለበት። እንግዲህ ፎቶ አንሺው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ይህ ሰው ከእኔ ስንት ሜትር ይርቃል?

ለዚህ ጥያቄ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ብዙ ዓይነት መልስ ተሰጥቶታል። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የመሐንዲስ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ርቀት መለካት አላስፈለጋቸውም። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ትልልቅ የሣጥን ካሜራዎቻቸው ከኋላ በኩል የደበዘዘ መስተዋት ስለነበራቸው፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው ምስሉ እዚያ ላይ እስኪጠራ ድረስ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱ ነበር። ካሜራ ወደ ኮት ኪስ ሲገባ ግን ያ መስተዋት ቀረ። ርካሾቹ ካሜራዎች ሜትሩን መገመቱን አንሺው ላይ ጣሉት፤ ሌንሱ ዙሪያ ቁጥር ተጽፏል፣ እርስዎ በዓይንዎ ገምተው ያዞራሉ። በዓይን ግምት 2 ሜትርን ከ2 ሜትር ተኩል መለየት ደግሞ ለለመደ ሰው እንኳ ከባድ ነው።

ይህ ምዕራፍ በሁለቱ መካከል ስላለው ሦስተኛ መልስ ነው፦ ርቀቱን በራሳቸው ስለሚለኩ ትንንሽ የፊልም ካሜራዎች። ፈረንጆቹ ሬንጅፋይንደር ይሏቸዋል፤ እኛ ርቀት ለኪ ካሜራ እንበላቸው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ የጃፓን ፋብሪካዎች በብዛት አምርተዋቸዋል፤ ዛሬም ከአያት ሣጥን ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ እጅ የሚገኙት በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። ሰዎች ሲያወዳድሯቸው የሚሟገቱት በስማቸውና በሌንሳቸው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነገር ሌላ ነው ባይ ነኝ፤ ምን እንደሆነ ለማሳየት ትንሽ ዞር ብዬ እመጣለሁ።

የመድፈኛው ጥያቄ

«ስንት ሜትር ይርቃል?» የሚለው ጥያቄ ከፎቶ አንሺው በፊት የመድፈኛ ጥያቄ ነበር። ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሙያተኞችና በአገሬው ሰው እጅ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ለመተላለፊያው መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1868 መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። መድፍ ግን ምንም ያህል ቢከብድ ተኳሹ ርቀቱን ካላወቀ ጥይቱ ወይ ከዒላማው ያልፋል ወይ ሳይደርስ ይወድቃል። በዚያ ዘመን ደግሞ ርቀትን የሚገምተው በአብዛኛው የተኳሹ ዓይን ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ የእንግሊዝ ጦር ለእግረኛ ወታደር የሚሆን ርቀት መለኪያ እንደሚፈልግ አስታወቀ። የምሕንድስና መምህሩ አርቺባልድ ባርና የፊዚክስ መምህሩ ዊልያም ስትራውድ በዚህ ጥሪ ተነሣሥተው አብረው መሥራት ጀመሩ። መሣሪያቸው በሁለት ጫፉ መስኮት ያለው ረጅም ቱቦ ነበር፤ ከእግረኛው ይልቅ ባሕር ኃይሉ ወደደው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጦር መርከቦች 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቱቦ ተሸክመው ይሄዱ ነበር፤ ቆየት ብሎ 15 ጫማ ደረሰ። መርከበኞቹ ቱቦውን የሚያስረዝሙበት ምክንያት ነበራቸው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብም ያ ምክንያት ነው።

ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ዱላ

ከጉና ተራራ ግርጌ አንድ ሰፊ የገብስ ማሳ ይታሰብዎ። ከማሳው ማዶ ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ባሻገር አንድ ባሕር ዛፍ ብቻውን ቆሟል። ሁለት ሰዎች በማሳው ድንበር ላይ ሃያ ርምጃ ተራርቀው ይቆሙና እያንዳንዳቸው ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው ጫፉን ወደ ዛፉ ያነጣጥራሉ። ዛፉ ቅርብ ከሆነ የሁለቱ ዱላዎች ጫፍ እርስ በርስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ዛፉ በራቀ ቁጥር ማዘንበሉ ይቀንሳል። እጅግ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ዱላዎቹ ጎን ለጎን የተጋደሙ ይመስላሉ።

እንግዲህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ሃያ ርምጃ ይታወቃል፤ ዱላዎቹ ምን ያህል እንዳዘነበሉም ይታወቃል። ሁለቱ ሰዎችና ዛፉ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። የአንዱ ጎን ርዝመትና የሁለት ማዕዘኖቹ ስፋት የታወቀ ሦስት ማዕዘን ምንም የሚደብቀው ነገር የለም፤ ሸለቆውን ማንም ሳይሻገረው የዛፉ ርቀት ይገኛል። ከ1838 እስከ 1848 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በአገራችን የተዘዋወረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የሰሜን ኢትዮጵያን ካርታ የሠራው በዚሁ ብልሃት ነበር። ማዕዘን የሚለካ መሣሪያውን ይዞ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው እየሄደ ያልረገጣቸውን የተራራ ጫፎች ቦታ ወስኗል።

አሁን ሁለቱን ሰዎች ያቀራርቧቸው። ሃያ ርምጃ ሳይሆን አንድ ክንድ ብቻ ይራራቁ። ዱላዎቹ ወደ ዛፉ ቢነጣጠሩም ማዘንበላቸው ለዓይን አይታይም፤ ዛፉ 200 ሜትር ይራቅ 300 ሜትር ዱላዎቹ ያው ናቸው። ሦስት ማዕዘኑ አልጠፋም፣ ግን እጅግ ቀጥኗል። ሃያው ርምጃ መሠረት ይባላል፤ መሠረቱ ሲያጥር መለኪያው ይታወራል። መርከበኞቹ ቱቧቸውን ያስረዘሙት ስለዚህ ነው።

ዱላዎቹ ካሜራ ውስጥ ሲገቡ

ርቀት ለኪ ካሜራን ከፊት ለፊት ሲያዩት ከሌንሱ በላይ ሁለት መስኮት አለው። ትልቁ ዓይንዎ የሚያይበት ነው። ትንሿ ከእሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ሁለቱ መስኮቶች ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት መሠረቱ ነው።

ከትልቁ መስኮት ጀርባ ብርሃንን ከፊል የሚያሳልፍ፣ ከፊል የሚመልስ መስተዋት ተጋድሞ ተቀምጧል። ዓይንዎ በእሱ ውስጥ አልፎ ፊት ለፊት ያለውን ያያል። ከትንሿ መስኮት የገባው ምስል ደግሞ በሌላ መስተዋት ታጥፎ መጥቶ በዚሁ መስተዋት ላይ ነጥሮ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መሐል ላይ ባለች ትንሽ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ቀለም ባላት፣ አንዱን ነገር ሁለት ሆኖ ያዩታል። የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩ አንዲት ቀጭን የብረት ክንድ የሌንሱን መንቀሳቀስ ተከትላ ሁለተኛውን መስተዋት በጥቂቱ ታዘነብለዋለች፤ ዱላውን ወደ ዛፉ የምታነጣጥረው እሷ ናት። ሁለቱ ምስሎች ተገናኝተው አንድ ሲሆኑ ሌንሱም በትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሟል። ሜትሩን ማንበብ አያስፈልግም፤ ባትሪም አያስፈልግም።

ይህን መለኪያ ከሌንሱ ጋር አጣምረው በትንሽ ካሜራ ውስጥ ካስገቡት ቀዳሚዎቹ በ1932 የወጣው የጀርመኑ ላይካ 2 እና በዚያው ዓመት የወጣው ኮንታክስ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዩክሬን ካርኪቭ ከተማ፣ ወላጅ አልባ ወጣቶች ይኖሩበትና ይሠሩበት በነበረ ማኅበር ውስጥ፣ የላይካው ቅጂ የሆነው ፌድ መመረት ጀመረ። ከሶቪየት ኅብረት ተምሮ የመጣ ዘመድ ያለው አንባቢ ቤቱን ቢፈትሽ ፌድ ወይም ወንድሙን ዞርኪን ሊያገኝ ይችላል፤ ካገኘ አይጣለው። ፌድ 2 ሁለቱ መስኮቶቹ 67 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ በዋጋ ብዙ እጥፍ ከሚበልጡት ካሜራዎች ጋር የሚያስተካክል መሠረት ነው።

የነጠላው ጠርዝ

አሁን በመስኮቱ እንመልከት። አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ከእርስዎ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃሉ። ካሜራውን ያነሣሉ፤ መሐል ላይ ያለችውን ቢጫ ቁራጭ ጉንጫቸው ላይ ያሳርፋሉ። ምንም አይታይም። ለስላሳ ጉንጭ ጠርዝ የለውም፤ ሁለት ጉንጭ ቢደራረብም ጉንጭ ነው። ትንሽ ዝቅ ብለው ደረታቸው ላይ አግድም የተኛውን የነጠላቸውን ጥለት ይሞክራሉ። ጥለቱ በደንብ ይታያል፣ ግን ቀለበቱን ቢያዞሩት ባያዞሩት ያው አንድ መስመር ነው።

ይህ የብዙ ጀማሪ ችግር ነው፤ መፍትሔው ከሁለቱ ዱላዎች ይገኛል። ሁለቱ መስኮቶች ጎን ለጎን ስለሆኑ ሁለተኛው ምስል የሚንሸራተተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው። አግድም ያለ መስመር ወደ ጎን ቢንሸራተት በራሱ ላይ ይንሸራተታል፤ ልዩነቱ አይታይም። ቁም መስመር ሲሆን ግን ወዲያው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ቁራጯን ከትከሻቸው ቀጥ ብሎ ወደሚወርደው የነጠላ ጠርዝ ወይም ከኋላቸው ወዳለው የበር መቃን ሳይሆን፣ ከፊታቸው ጋር እኩል ርቀት ላይ ወዳለ ቁም ነገር ይውሰዷት፤ የአፍንጫቸው መስመር፣ የማተባቸው ክር ወይም በግንባራቸው ጎን የሚወርደው የሻሻቸው ጠርዝ ይሆናል። የበር መቃኑ ቁም ቢሆንም ከፊታቸው ግማሽ ሜትር ይርቃል፣ ትከሻም ከዓይን ትንሽ ወደኋላ ነው። ቁም መስመር ጨርሶ ካጡ ካሜራውን ወደ ጎን አጋድመው ይለኩ፤ ያን ጊዜ አግድሙ ጥለት ይናገራል። ከዚያ ካሜራውን መልሰው ያነሣሉ።

ዋንዛዬ ፍል ውኃ አካባቢ እንዳለው ዓይነት እንፋሎት ባለበት ቦታ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። እንፋሎቱ መስኮቶቹ ላይ ሲያርፍ ትልቁን መስኮት ይጠርጉታል፤ ትንሿን መስኮት ግን ብዙ ሰው ይረሳታል። ያን ጊዜ ዋናው ምስል ጥርት ብሎ ቢጫዋ ቁራጭ ግን ትጠፋለች። ካሜራው የተበላሸ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህች ትንሽ መስኮት መቆሸሽ ነው።

መለኪያው የሚስተው፣ ሌንሱ የሚምረው

የጤነኛ ሰው ዓይን ሁለት መስመሮችን ለይቶ የሚያየው የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል ሲራራቁ ነው። (ጠርዙ ሹል ከሆነ ከዚህም የተሻለ ይለያል፤ እኛ ግን ለጥንቃቄ ይህን እንያዝ።) ካሜራው በዚህ ላይ አንድ ነገር ይቀንስብናል፦ በመስኮቱ የሚታየው ነገር በባዶ ዓይን ከሚታየው ያንሳል። ስለዚህ የመለኪያው እውነተኛ ርዝመት መሠረቱ በዚህ ማሳነስ ተባዝቶ ነው የሚገኘው። በ1954 የወጣው ላይካ ኤም 3 መሠረቱ 68.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሰው ሁለት ዓይን መራራቅ ትንሽ ይበልጣል። መስኮቱ ነገሮችን 0.91 ያህል አድርጎ ስለሚያሳይ እውነተኛው ርዝመት 62 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ1973 በጃፓን የተሠራው ትንሹ ላይካ ሲ ኤል መሠረቱ 31.5 ሚሊ ሜትር፣ ማሳያው 0.6 ነው፤ ሲባዛ 19 ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ከዚህም የሚያንስ፣ መሠረቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ማሳያው 0.6 የሆነ የኪስ ካሜራ እናስብ። እውነተኛው ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የነጠላዋን እናት ከአንድ ሜትር ተኩል ሲለካ በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ሦስት ሜትር ላይ ስሕተቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ 22 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አሥር ሜትር ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን መለኪያ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ሌንስ ቀዳዳ የተነጋገርነውን እዚህ ላይ ያስታውሱ። ሌንስ ያጠራው አንድ ርቀት ቢሆንም ከዚያ ትንሽ ቀደም ያለውንና ትንሽ የራቀውን ነገር ዓይን እንደጠራ አድርጎ ይቀበለዋል። ቀዳዳው ሲሰፋ ይህ ምሕረት ይጠብባል፤ ሲጠብ ይሰፋል። የቀዳዳው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ሰፊ ነው ማለት እንደሆነም ተነጋግረናል። እንግዲህ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.7 ከፍተን አንድ ሜትር ተኩል ላይ ስናነሣ ምሕረቱ ወደፊት 7፣ ወደኋላም 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ግድም። መለኪያው በ5 ሴንቲ ሜትር ቢስት ዓይናቸው አሁንም ጥርት ይላል። ሦስት ሜትር ላይ ምሕረቱ 29 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስሕተቱ 22 ነበር። አሥር ሜትር ላይ ምሕረቱ ሦስት ሜትር ይደርሳል፤ ስሕተቱ ሁለት ሜትር ተኩል አይሞላም።

እኔን ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የመለኪያው ስሕተትና የሌንሱ ምሕረት በርቀቱ እኩል ያድጋሉ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሁለቱም አራት እጥፍ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ካሜራ በአንድ ሜትር ተኩል ላይ ከበቃ በሦስትም በአሥርም ይበቃል። እዚያ ካልበቃ የትም አይበቃም። ካሜራዎችን ስናወዳድር ልንጠይቅ የሚገባው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ መሠረቱ ለሌንሱ ይበቃዋል ወይ? ረጅም መሠረት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ብሩህ ሌንስም ብቻውን ትርጉም የለውም። የሚመዘነው ሁለቱ እንዴት እንደተጣጣሙ ነው።

የላይካ ሲ ኤል ሠሪዎች ይህን ሒሳብ በጥንቃቄ እንደሠሩ ከካሜራው ይነበባል። ለዚህ ካሜራ ያዘጋጁት ረጅም ሌንስ ባለ 90 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀዳዳው ከኤፍ 4 በላይ አይከፈትም። አንድ ሜትር ተኩል ላይ የዚያ ሌንስ ምሕረት 3.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የካሜራው መለኪያ ስሕተት? 3.5። ልክ ጠርዙ ላይ ቆሟል። በኤፍ 2 የሚከፈት ባለ 90 ቢሆን ምሕረቱ በግማሽ ይቀንስና መለኪያው ይሸነፍ ነበር፤ ኤም 3 ግን በረጅም መሠረቱ ያንን ይችለዋል።

ካኖኔት፣ ያሺካ፣ ኦሊምፐስ

አሁን ስሞቹን መጥራት እንችላለን። የካኖኑ ካኖኔት ኪው ኤል 17 ጂ 3 በ1972 ወጣ፤ ሌንሱ ባለ 40 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.7። ከላይ በምሳሌነት ያሰላነው ሌንስ ይህ ነው። እርስዎ የመዝጊያውን ፍጥነት ይመርጣሉ፣ እሱ ቀዳዳውን ይመርጣል፤ ባትሪው ቢያልቅ ሁለቱንም በእጅ ይዘው ይቀጥላሉ። የሚኖልታው ሃይ-ማቲክ 7 ኤስ 2 (1977) ሌንሱ ከዚህ ጋር እኩል ነው፣ አካሉ ግን ይቀልላል። ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ከ1966 ጀምሮ ለዓመታት የተመረተ ግዙፍ ካሜራ ነው፤ ሌንሱ ባለ 45 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.7 ነው። ሌንሱ ትንሽ ስለረዘመ ምሕረቱ ከካኖኔት ያንሳል። ሰፊ አካሉ ግን መስኮቶቹን ለማራራቅ ቦታ ይሰጠዋል። ባትሪ ከሌለው አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው፣ የሴኮንድ 500ኛው።

ኦሊምፐስ 35 አር ሲ (1970) ባለ 42 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሲሆን 410 ግራም ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከካኖኔት ያነሰ ይመስላል። ግን በኤፍ 2.8 ላይ ምሕረቱ ሰፊ ስለሆነ አነስተኛ መሠረት ይበቃዋል፤ መለኪያውና ሌንሱ ተስማምተው የሚኖሩበት ካሜራ ነው። እኔ ለጀማሪ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ከሁሉም የሚለየው ኦሊምፐስ ኤክስ ኤ ነው። በ1979 የወጣው ይህ ካሜራ ዮሺሂሳ ማይታኒ የተባለ መሐንዲስ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት ፔንንና ኦ ኤም 1ን የነደፈው እሱ ነበር። ስፋቱ 102 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 225 ግራም ነው። ይህን ያህል ትንሽ አካል ውስጥ መስኮቶቹን ለማራራቅ ቦታ የለም። ማይታኒ ምን አደረገ? ሌንሱን ባለ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 አደረገው። የዚህ ሌንስ ምሕረት አንድ ሜትር ተኩል ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከካኖኔት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መሠረቱ ከግማሽ በታች ቢያጥርም በእኩል ደኅንነት ያነሣል። ብዙ ሰው «ኤክስ ኤ ደካማ መለኪያ አለው» ይላል። መለኪያው ለብቻው ሲታይ አዎ፤ ካሜራው ግን ደካማ አይደለም።

በእኛ ደጋ ላይ ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ቀትር ላይ አያስፈልግም። ባለ 400 ፊልም ይዘው በደብረ ታቦር የኅዳር ፀሐይ ቢወጡ ካሜራው ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 16 ሊያጠበው ይችላል። ያን ጊዜ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሦስት ሜትር ከሠላሳ ላይ ቢቀመጥ ከአንድ ሜትር ከሰባ አንሥቶ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ ሁሉን ያጠራል። መለኪያውን መንካት እንኳ አይጠበቅብዎትም። የቡሄ ዋዜማ ግን ሌላ ነው። ነሐሴ 12 ምሽት፣ ሰማዩ በክረምት ደመና ተሸፍኖ፣ ችቦ ተለኩሶ፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ሲዞሩ ያለው ብርሃን የእሳቱ ብቻ ነው። ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ ምሕረቱም ወደዚያች ጠባብ ስፍራ ይወርዳል። ኤፍ 1.7 ያለው ካሜራ እዚህ ላይ ኤፍ 2.8 ካለው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ብርሃን ያስገባል። ችቦውን የያዘውን ልጅ ፊት ለማንሣት ከፈለጉ ካኖኔትን ይዘው ይውጡ። ደግሞም ለመለካት ፊቱን አይፈልጉ፤ የችቦው ግንድ ቁም መስመር ነው፣ ነበልባሉ ያበራዋል፣ ልጁም ከፊቱ ጋ ነው የሚይዘው።

ከመግዛትዎ በፊት

ሻጩ ካሜራውን ሲሰጥዎ ሌንሱን ከማየትዎ በፊት መለኪያውን ይፈትኑ። ማስመሪያ ካለዎት የሁለቱን መስኮቶች መራራቅ ከመሐል እስከ መሐል ይለኩ። ከዚያ አንድ ዓይንዎን በመስኮቱ፣ ሌላውን በባዶው ከፍተው አንድ በር ይመልከቱ፤ በመስኮቱ የሚታየው በር ከእውነተኛው ምን ያህል እንዳነሰ ይገምታሉ። ሁለቱን ያባዙ። ኤፍ 1.7 ሌንስ ላለው 12 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛው ነው፤ ኤፍ 2.8 ላለው ባለ 35 ሌንስ 6 ይበቃል።

ቀጥሎ ሌንሱን ወደ ሩቅ ምልክቱ፣ ወደ ተጋደመው ስምንት ቁጥር፣ እስኪቆም ያዙሩት። ካሜራውን ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ቁም ነገር ያዙሩ፤ የቴሌ ምሰሶ ወይም ማዶ ኮረብታ ላይ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ጥሩ ነው። ሁለቱ ምስሎች አንድ መሆን አለባቸው። ወደ ጎን ከተለያዩ ካሜራው ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ከሌንሱ ጋር ተጣልቷል፣ ሌንሱ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተለያዩ መለኪያው አሁንም ይለካል፣ ለዓይን ግን ያስቸግራል። ሁለቱም ሽፋኑን ከፍቶ አነስተኛ ብሎን በማዞር የሚስተካከሉ ናቸው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ ይሻሉ።

ቢጫዋ ቁራጭ ደብዝዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመስተዋቱ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ሳስቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከትልቁ መስኮት ውጭ፣ ቁራጯ በምትታይበት መሐል ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉ። ዋናው ምስል እዚያች ቦታ ላይ ስለሚጨልም ሁለተኛው ጎልቶ ይወጣል።

ባትሪውን ደግሞ ይጠይቁ። ካኖኔትና 35 አር ሲ የተሠሩት ባለ 1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ እንዲወስዱ ነበር፤ እሱ አሁን አይመረትም። ባለ 1.5 ቮልቱን ቢያስገቡ የብርሃን መለኪያው ትንሽ ያታልላል፣ መዝጊያው ግን ያለ ባትሪም ይሠራል። ኤክስ ኤ ባትሪ ከሌለው ፈጽሞ አያነሣም፤ የሚወስደው ግን ካልኩሌተር የሚወስደውን ዓይነት ሁለት ትንንሽ ባትሪ ነው። የርቀት መለኪያው በሁሉም ላይ መስተዋትና የብረት ክንድ ብቻ ነውና ባትሪ ኖረም አልኖረም ሥራውን ይሠራል።